ሁለቱ ፓትሪክ ሆጋኖች

እድላዊት ለዝርዝሩ ተራ ቁጥር ልስጥ ባትል ኖሮ ስሕተቱን አታየውም ነበር።

አርብ ነው፤ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ። የዶክትሬት ጽሑፏ አልቋል፤ የግርጌ ማስታወሻዎቹ ተስተካክለዋል፤ ማውጫው ከየገጹ ጋር ተመሳክሯል። ቀረ የምትለው ከጽሑፉ መጨረሻ የሚገባውን የስም ዝርዝር ማሳመር ብቻ ነበር። መንግሥት ይውረድ ብለው ድምፅ የሰጡትን የፓርላማ አባላት ከላይ እስከ ታች ቁጥር ስትሰጣቸው የመጨረሻው ሰው ሰባኛ ሆነ። ሰባ አንደኛ መሆን ነበረበት።

እንደገና ቆጠረች። ሰባ። መንግሥት ይቆይ ያሉትን ቆጠረች። ሰባ አንድ። እነሱ ልክ ናቸው።

ከወንበሯ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች፤ ቧንቧውን ከፈተች፤ ውሃ ሳትቀዳ ዘግታው ተመለሰች።

የአሥራ አንድ ዓመት ልፋቷ የቆመው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1927 ክረምት የአየርላንድ ፓርላማ መንግሥቱ ይውረድ ወይስ ይቆይ ብሎ ድምፅ ሲሰጥ ሰባ አንድ ለሰባ አንድ ወጣ፤ አፈ ጉባኤው የራሱን ድምፅ ለመንግሥት ሰጠና መንግሥት በአንድ ሰው ተረፈ። ይህን የማያውቅ የዚያ አገር የታሪክ ተማሪ የለም። እሷ ለፈታኞቿ የምታቀርበው ዝርዝር ግን መንግሥቱን በሰባ አንድ ለሰባ አትርፎ አፈ ጉባኤውን ሥራ አስፈትቶታል።

ፈታኞቹ ባለፈው ዓመት ጽሑፏን አላለፈም፣ አልወደቀምም ብለው መልሰውላት ነበር። ካዘዟት ማስተካከያ አንዱ ይህ ዝርዝር ነው፤ መቶ አምሳ ሦስቱም ተመራጮች በስማቸው፣ ከተመረጡበት አውራጃ፣ ከፓርቲያቸው፣ ከሥራቸውና ከሰጡት ድምፅ ጋር እንዲገቡ። የማስረከቢያው ቀን አንድ ጊዜ ተራዝሞላታል። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ በእነሱ አምስት ሰዓት፣ በእድላዊት ቤት እንደሚቆጠረው ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በራሱ ይዘጋል። ባለፈው ሳምንት ወደ ቢሮው ደውላ አንድ ደቂቃ ብዘገይስ ብላ ጠይቃ ነበር። የመለሰችላት ሴት በጣም ትሑት ነበረች። ሲስተሙን እኛም ልንከፍተው አንችልም፣ ካልገባ ከተማሪነት ትሰረዣለሽ አለቻትና መልካም ቀን ተመኘችላት።

ለምን የአየርላንድ ፓርላማ ብሎ ያልጠየቃት ሐበሻ የለም። እንግሊዝ አገር፣ ዌምብሊ ባለ ትምህርት ቤት በረዳት መምህርነት ትሠራለች፤ እዚያም ይጠይቋታል። መልሷን ሁልጊዜ ታሳጥረዋለች፤ ረጅሙ ግን ይህ ነው። እሷ ባደገችበት አገር መንግሥት ይገለበጣል ወይም ይሸሻል እንጂ በቆጠራ ሲብረከረክ አይታ አታውቅም። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት በእርስ በርስ ጦርነት ሲገዳደሉ የነበሩ ናቸው። በሰኔ ምርጫ አደረጉ። መንግሥት የመሠረተው ፓርቲ ያገኘው ከመቶ አምሳ ሦስቱ መቀመጫ አርባ ሰባቱን ብቻ ነበር፤ ሊገዛ የቻለው ዋናው ተቃዋሚ ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝነት አልምልም ብሎ ከአዳራሹ ውጭ ስለቀረ ነው። በሐምሌ አንድ ሚኒስትር ቅዳሴ ሊያስቀድስ ሲሄድ መንገድ ላይ ተገደለ። በነሐሴ ተቃዋሚዎቹ ይህ ፊርማ ነው እንጂ መሐላ አይደለም እያሉ ፈርመው ገቡ፤ በገቡ በአራተኛው ቀን ያ ድምፅ ተሰጠ። መንግሥት ወደቀ ሲባል ከተቃዋሚው በኩል ይጠበቅ የነበረ አንድ ሰው ከአዳራሹ ጠፋና ቁጥሩ እኩል ሆነ። በዘጠነኛው ቀን ፓርላማው ተበተነ። ለዚያ ድምፅ ብሎ ግን ጠመንጃ ያነሳ አልነበረም። እድላዊት ልታውቅ የፈለገችው ያን ቀን ለጥቂት የተሸነፉት ሰዎች ምን እየተባባሉ ወደ ቤታቸው እንደሄዱ ነበር።

የፓርላማውን የቃለ ጉባኤ ገጽ ከፍታ ስሞቹን አንድ በአንድ ታመሳክር ጀመር። ሥራው ያሰለቻል። ዋናው መዝገብ የተሰደረው በቤተሰብ ስም ነው፤ ግማሹ ስም በአይሪሽ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። የእሷ ዝርዝር ደግሞ በሰዎቹ በራሳቸው ስም ተራ የተያዘ ነው። አንድ ሰው ለማግኘት ገጹን ላይ ታች ማለት አለባት። ሁለት ጊዜ መስመር ስታ እንደገና ጀመረች። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ የጎደለውን ሰው አገኘችው። ፓትሪክ ሆጋን፤ የክሌር ተመራጭ፤ ሌበር ፓርቲ።

እፎይታዋ አንድ ትንፋሽ አልቆየም። በእሷ ዝርዝር ውስጥ ፓትሪክ ሆጋን የሚባል ሰው አለ፤ ግን በሌላው ወገን ነው። የጎልዌይ ተመራጭ፣ የእርሻ ሚኒስትር። ወደ ካርዶቹ ሣጥን ሄደች። ለፓትሪክ ሆጋን የተሠራው ካርድ አንድ ብቻ ነው።

ካርዶቹን የሠሩት አባቷ ናቸው። አቶ ኪዳነማርያም ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው፣ በሹምነት ጡረታ ወጡ፤ እናቷ ስታርፍ ወደ እሷ መጡ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሆሎዌይ፣ ማዘጋጃ ቤት በሚያከራየው ፎቅ ላይ አብረው ይኖራሉ። ፈታኞቹ ዝርዝር ጠየቁኝ ስትላቸው፣ ይሄማ የኔ ሥራ ነው አሉ። የብርዱን ወራት ሁሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ ከዋናው መዝገብ ኮፒ ላይ እያዩ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ጻፉ፤ ስሙን ከላይ በአማርኛ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ፤ ቅደም ተከተሉም በፊደል ገበታ ተራ፣ ከሀ እስከ ፐ። እሷ ወደ ኮምፒዩተር የገለበጠችው ካርዶቹን ነው። ዋናውን መዝገብ መልሳ አላየችም። አባቷ በሠሩት መዝገብ ላይ ቼክ ማድረግ ነውር መስሏት ነበር።

አሁን ያስፈራት አንዱ ሆጋን አልነበረም። አባቷ ካርድ የሚጠፋባቸው ሰው አይደሉም፤ አንድ ካርድ ከሌለ አውቀው ነው ያልሠሩት። አውቀው ካልሠሩት ደግሞ በሆነ ደንብ ነው። ያው ደንብ ስንት ሌላ ሰው ላይ ሠርቶ ይሆን? ድምፅ ሳይሰጡ የቀሩትም አሉ፤ ከነሱ መካከል አንዱ ጠፍቶ ሌላው በአይሪሽና በእንግሊዝኛ ስሙ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ቢሆን ሰባ አንድ ለሰባ አንዱም፣ መቶ አምሳ ሦስቱም አይናገርም። የአንዱ ሰው ሥራና ፓርቲ ሌላው ካርድ ላይ ሄዶ ቢሆንም አይናገርም። ፈታኞቹ ይናገራሉ።

አባቷ ቤት የሉም። የወዳጃቸው የአቶ ሳዶቅ ወንድም አዲስ አበባ አርፎ መርዶው ትናንት ስለተነገረ ጠዋት ከከተማው ማዶ ኬኒንግተን ለቅሶ ሄደዋል። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ስልካቸውን ያጠፋሉ። ያላት አማራጭ የአቶ ሳዶቅ ሚስት የወይዘሮ ፀሐይወርቅ ስልክ ነው። ለቅሶ ቤት ተደውሎ ስለ ካርድ አይጠየቅም። ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስታ ሁለት ጊዜ አስቀመጠችው፤ በሦስተኛው ደወለች።

እግዜር ያጽናችሁ ስትል ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ተንሰቅስቀው አለቀሱ፤ ከዚያም የሟቹን አሟሟት ከመጀመሪያው ጀምረው አጫወቷት። ጉንፋን ነው ተብሎ እንደተኛ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ ምን እንዳለ፣ ኋላ ምን እንዳለ። እድላዊት ወይኔ፣ ወይኔ እያለች ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሰዓት ላይ መንቀል አልቻለችም። ሰባት ደቂቃ ሄደ። በመጨረሻ፣ አፍራ፣ አባባን ለአንድ አፍታ ቢያገናኙኝ አለች።

«ምን ሆንሽ?» አሉ አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ደኅና ነኝ፣ አባባ። ከካርዶቹ ያነሱት ሰው አለ?»

«ከመዝገብ ሰው አላጎድልም።»

«ፓትሪክ ሆጋን።»

«እሱማ አለ። ሚኒስትሩ።»

«ሌላኛውስ?»

ከጀርባቸው የሰው ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ሰው ይጸልያል። «የትኛው ሌላ?» አሉ አባቷ። እሷም ነገረቻቸው። መጣሁ ብለው ዘጉ።

በባቡር ይምጡ ብላቸው ነበር። እሳቸው ግን ምድር ውስጥ መሄድ አይወዱም፤ ደግሞም ከለቅሶ ቤት ተነስቶ እንዲሁ አይወጣም፤ ትንሽ ተቀምጦ፣ አጽናንቶ፣ አስፈቅዶ ነው። እድላዊት እስኪመጡ ድረስ ሁለተኛውን ሆጋን በቦታው አስገባች፤ ሦስት ሰንጠረዦች ላይ ያለውን ፐርሰንት አስተካከለች። ሰባ አንድ ለሰባ አንድ ሆነ። መላክ ትችላለች። የመላኪያውን ገጽ ከፍታ ጣቷን ከቁልፉ አጠገብ አስቀመጠች፤ ከዚያ አነሳችው። ስምንት ሰዓት አለፈ። በመስኮት ወደ አውቶቡስ ፌርማታው አየች። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ስልካቸው አሁንም ዝግ ነው፤ ማብራቱን ረስተውታል።

ዘጠኝ ተኩል ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው በሩ ተከፈተ። አቶ ኪዳነማርያም ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጡ። እድላዊት ሁለቱን ሆጋኖች አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ መልሰው አውርደው፣ ረጅም ጊዜ አዩ።

«ኮፒው ላይም ሁለት ነበሩ» አሉ። «አይቻቸዋለሁ።»

«እና?»

«ሁለቱም ፓትሪክ። የሁለቱም አባት ሆጋን። የአያት ስም የለም። ጸሐፊው አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ጽፎት ነው አልኩ፤ ባለሥልጣኑን ያዝኩ።»

«የተመረጡበት አውራጃ ይለያያል እኮ፣ አባባ። ክሌርና ጎልዌይ።»

«አድራሻ ሰው አይለይም፤ ሰው ቤት ይቀይራል። ሰው የሚለየው በአያቱ ነው።»

እዚህ አገር ሆጋን የአባት ስም አይደለም፣ የቤተሰብ ስም ነው ልትል አፏን ከፈተች። አባቷ እጃቸውን አነሱ። «አውቃለሁ። እዚህ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ክሊኒክ በአባቴ ስም ሲጠሩኝ አባቴን የጠሩ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ተራ አልፎኛል። አውቃለሁ፤ እጄ ነው ያላወቀው።»

አንዱ ይውረድ፣ አንዱ ይቆይ ማለቱስ አልገረመዎትም ወይ ብላ ጠየቀች። ገርሟቸው እንደነበር፣ ግን በዘመናቸው በአንድ ቀን ለሁለቱም ወገን የፈረመ ሰው ብዙ ስላዩ እንዳለፉት ነገሯት። እድላዊት በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

አስገብቼዋለሁ፣ ቁጥሩ ገጥሟል፣ ልላከው አለቻቸው።

«ሌሎቹስ?»

«ገጥሟል እኮ፣ አባባ።»

«ሲገጥም ነው የሚያስፈራው። አንዱን ሰው ፍቀሽ ሌላውን ሁለት ጊዜ ብትጽፊ ድምሩ ይገጥማል። እንዲህ ያደረግሁት ሌላ ሰው ይኑር አይኑር አላስታውስም።» መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አዩት። «ሠላሳ አንድ ዓመት በዚሁ ደንብ ነው የሠራሁት።»

እድላዊት የሚያስቡት ስለ አየርላንድ ሰዎች ብቻ እንዳልሆነ ገባት። በዚያ መዝገብ ቤት ስም ከስም ጋር ሲጋጭ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ፤ በደጉም ዘመን በክፉውም። አያታቸውን ያላስጻፉ ሰዎች ስንት እንደነበሩ አልጠየቀቻቸውም። ሰዓቱ ዘጠኝ ከአርባ ነበር።

እንደዚህ ተስማሙ። እሷ ከዋናው መዝገብ ስሙን፣ አውራጃውን፣ ፓርቲውን ትጠራለች፤ እሳቸው ካርዱን ፈልገው አውጥተው አለ ይላሉ፤ ያለውን ወደ ጎን ያስቀምጣሉ። መቶ አምሳ ሦስት ሰው። በደቂቃ ሁለት ቢያልፉ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ይደርሳሉ፤ ወይም አይደርሱም። ለመላክ አሥር ደቂቃ ያስፈልጋታል፤ የቤቱ ኢንተርኔት ዘገምተኛ ነው።

ጀመሩ። አለ። አለ። አለ። አባቷ ካርድ ሲያወጡ ጣታቸውን በምላሳቸው አያርሱም፤ ሠልጣኞቻቸውን ይቆጡበት የነበረ ነገር ነው። ግን ጆን የሚባለው ሰው ብዙ ስለሆነ እዚያ ሲደርሱ ይቆያሉ። ሠላሳኛው ላይ የአንዱ ገበሬ ፓርቲ የተሳሳተ መስሏት አስቆመቻቸው፤ የተሳሳተችው እሷ ነበረች፣ ከላይኛው መስመር ነው ያነበበችው። ሁለት ደቂቃ ጠፋ። ስድሳ ስድስተኛው ላይ የበሩ ደወል ተደወለ፤ ማንም አልተነሳም።

ከአዳራሹ የጠፋው ሰው ዘንድ ሲደርሱ አባቷ ካርዱን አወጡ፤ የድምፁ ቦታ ባዶ ነው። ቆም አሉ።

«ከሁሉም ራሱን ከመዝገብ ያነሳ ይሄ ብቻ ነው» አሉ፤ ከገቡ ጀምሮ መጀመሪያ ፈገግ ያሉት ያኔ ነበር።

አሥር ሰዓት ከሩብ። ሰባ። አሥር ተኩል። መቶ። እድላዊት የምትጠራበትን ፍጥነት ጨመረች፤ እሳቸው አልጨመሩም። እሳቸው ቀስ በይ እንዳይሏት፣ እሷም ይፍጠኑ እንዳትላቸው እየተጠነቀቁ ሄዱ። አሁን ስም በጠራች ቁጥር አለ እስኪሉ ድረስ ትንፋሿን ትይዛለች፤ አለ ሲሉ ደግሞ ደስታ ሳይሆን የሚቀጥለው ስም ፍርሃት ይመጣባታል። እንደ ሆጋን የጠፋ ሌላ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ያልተገኘው ስለሌለ ይሁን ገና ስላልደረሱበት፣ ማወቂያ የለም።

አሥር ሰዓት ከአርባ ስምንት ላይ ኮምፒዩተሯን ወደ ራሷ ሳበች።

«ይብቃን፣ አባባ።»

«አልጨረስንም።»

«ሃያ ሦስት ሰው ነው የቀረው። አሁን ካልላክሁ ጠቅላላውም የለም።»

አባቷ እጃቸውን ከቀሩት ካርዶች ላይ አላነሱም፤ ግን አልተከራከሯትም። እድላዊት ፋይሉን መረጠች። ስሟን፣ የተማሪነት ቁጥሯን ጻፈች። ከሥር አንድ ሣጥን አለ፤ ያቀረብሁት ሁሉ በሚገባ የተመሳከረ መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል። ምልክት ካልተደረገበት አያሳልፍም። ወደ አባቷ አየች፤ እሳቸው ወደ መስኮቱ ያያሉ። ምልክት አደረገችበት። መስመሩ እየተጎተተ ሄደ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቆሞ ቆየ። አባቷ በለሆሳስ አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ፤ መስመሩ ተንቀሳቀሰ፤ እሳቸው ግን አላቋረጡም፤ እስከ መጨረሻው ደገሙት። አሥር ሰዓት ከአምሳ ስድስት ላይ፣ ተቀብለናል የሚል ገጽ መጣ።

ደስ ሊላት የሚገባ ሰዓት ነበር። ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ጣለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ገጽ ስንት ጊዜ በሐሳቧ አይታዋለች፤ ስታየው ታለቅስ ወይም ትጮህ ይመስላት ነበር። አሁን የሚታያት ሃያ ሦስት ሰው ነው። በአሥራ አንድ ሰዓት የመላኪያው ቁልፍ ደበዘዘና ከገጹ ጠፋ።

አቶ ኪዳነማርያም ካፖርታቸውን አሁንም አላወለቁም። የቀሩትን ካርዶች በሁለት እጃቸው አስተካክለው ያዙ።

«ቀጥይ» አሉ።

«ገብቷል፣ አባባ። አሁን ስሕተት ብናገኝም መቀየር አንችልም።»

«ቢሆንም ልወቀው።»

ሻይ ላፍላ ብላ ተነሳች፤ መነሳቷን እንኳ እንዳላዩ ስታይ ተመልሳ ተቀመጠች። የፓርላማውን ገጽ እንደገና ከፈተች፤ ያቆሙበትን መስመር ፈለገች።

«ጄምስ ራያን» አለች። «ዌክስፎርድ። ከተቃዋሚው ፓርቲ።»

አባቷ ከጀ ተራ ላይ ያሉትን ካርዶች አንድ በአንድ ገለጡ፤ አንድ ጊዜ አልፈው ተመለሱ፤ አወጡት። ከዓይናቸው አራቁት፤ አቀረቡት። አለ አላሉም።

«አንድ ብቻ ነው?» ብለው ጠየቁ።

እድላዊት ገጹን ወደ ላይ ሳበችው፤ ወደ ታች ሳበችው፤ እንደገና ወደ ላይ።

«አንድ ብቻ ነው፣ አባባ።»

«አለ» አሉ፤ ካርዱን ወደ ጎን አስቀመጡት። «ቀጥይ።»